የገመድ ዘብ

ማንም ሳይሾመው ዘብ የሚቆም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ሰይድ እንደዚያ ነው። የከሚሴው ሰፈራችን ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ መስጠት ሲያቆም፣ ባለሙያዎች መጥተው ካሜራ ያለው ትንሽ ማሽን ወደ ውሃው አወረዱ። ማሽኑ የሚታዘዘው በገመድ ነው፤ ገመዱ ደግሞ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ሰይድ “ኧረ ማሎ፣ እንዳትረግጡት!” እያለ ባጃጁን ሁሉ ሲመልስ ዋለ።

ግመልን ግን ማን ይመልሳል? ከባቲ ገበያ የመጣች ግመል ስትጠጋ ሰይድ ገመዱ ላይ በደረቱ ተኛ።

“ሰውዬ፣ ተነሥ! ትረግጥሃለች!” ብሎ ጮኸ ባለቤቷ።

“ትርገጠኝ! እኔ ብሰበር ወጌሻ አለ። ይሄ ቢበጠስ ማሽኑ ጉድጓዱን ደፍኖት ይቀራል!”

ግመሏ ቆም ብላ አየችው፤ ከዚያ እግሯን ከፍ አድርጋ ተሻገረችው።

ማሽኑ ደህና ወጣ፤ ብልሽቱም ተገኘ። ውሃው የመጣ ዕለት ሴቶቹ ሰይድን ከወረፋው ፊት አቆሙት። እሱ ግን ጄሪካን አልያዘም፤ የመጣው ቧንቧውን ሊጠብቅ ነው።