ያልነገርኳቸውን የሚጠይቁኝ እትዬ ይመኙሻል

ሐበሻ በተከራየበት ሕንፃ ሁሉ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። ኪራይ ቢወደድ፣ ግማሹ ሰው ወደ ስካርቦሮ ቢፈልስ፣ ጠያቂው ንቅንቅ አይልም። ሌላው ሰው «እንደምን አደርክ» ሲልህ እሱ «ያ ነገር ደረሰልህ?» ይልሃል። የትኛው ነገር እንደሆነ አይናገርም። አንተ ግን ታውቀዋለህ።

በፈረንጆቹ በዘጠና ስድስት፣ የእኛ የቶሮንቶ ሬክስዴሉ ሕንፃ ጠያቂ ክብርት እትዬ ይመኙሻል ነበሩ። ዘጠነኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማም። ሊፍቱን ከየትኛውም ፎቅ ብትጠራው በሩ ሲከፈት እሳቸው ውስጥ ቆመዋል። ወደ ላይ ይሂዱ ወደ ታች አይታወቅም፤ አንድም ቁልፍ አልበራም። «ደረሰ?» ይሉሃል።

ጎረቤታችን ዘርይሁን ለማንም ሳይናገር ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ሊወጣ ሲል «መንገዱ ይቅናህ» አሉት። ወደቀ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አሉት፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በአራተኛው በደረጃ ወርዶ በቆሻሻ ክፍሉ በር ሹልክ ብሎ ሄደና አለፈ። ጠጂቱን ደግሞ «እንግዲህ ለሁለት ብዪ» አሏት፤ እሷ ራሷ ማርገዟን ያወቀችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ዓይናቸው ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ዓይን የሚባል ነገር የለም፣ ግን ለምን ይሞከራል ይላል።

እኔ ያኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴን እየጨረስኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ የበረዶ ሆኪ ሜዳ በማሽን አስተካክል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድርጌ በስፖርት ማኔጅመንት ዲግሪ ለመያዝ አፕላይ አደረግሁ። እማዬ ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ ወገቧ አልቋል። በሁለት ዓመት እጨርስና ሥራሽን ትተያለሽ ብያታለሁ።

«ኳሱን ሃያ ሁለት ሰው ይራገጠዋል፤ አንተ ምኑን ነው የምታስተዳድረው?» አለችኝ። ቀጥላ፣ «ብቻ ለማንም እንዳትናገር።»

ለማንም ስትል እትዬ ይመኙሻልን ማለቷ ነበር። እኔ ትእዛዝ አክባሪ ልጅ ነኝና ለኮሌጅ አስተማሪዎቼ እንኳ ሳልናገር ቀረሁ። የፈረንጅ ዓይን ይብላ አይብላ ባላውቅም መጠንቀቅ አይከፋም አልኩ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ በማሽኑ በረዶውን እየዞርኩ ነበር። በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ። ቀና ስል ከላይኛው ወንበር ላይ ጥቁር ካፖርት ተቀምጧል።

«ሁለቱን የኮሌጅ ዓመት ይቆጥሩልሃል?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ማሽኑም እያጓራ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ሥር ያሉ ያህል ሰማኋቸው። ማሽኑን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ወርጄ ሳይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ በሩም እንደተቆለፈ ነው።

በግንቦት ደብዳቤ መጣ። ተቀብለንሃል፤ ሁለቱ ዓመት የሚቆጠርልህ ግን የተማርካቸው የአሥራ አራቱም ኮርሶች አውትላይን እስከ አርብ ከደረሰን ነው፣ አለዚያ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለህ ይላል። አውትላይን ማለት አስተማሪ ሴሚስተሩ ሲጀመር የሚያድለው፣ ተማሪ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚጥለው፣ የኮርሱ ዝርዝር ያለበት ሦስት ገጽ ወረቀት ነው። እኔም ጥዬዋለሁ። ኮሌጁ ብሄድ አስተማሪዎቼ ለእረፍት ተበትነዋል። ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ያዘጋጁልኝ ነበር። ለእማዬ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ ያልኩሽ አራት ሆነ ብዬ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ረቡዕ ቀን ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሊፍቱ ተከፈተ።

«አርብ ነው አይደል?» አሉኝ።

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ለአንድም ነፍስ አልተናገርኩም። ትዕግሥቴ አለቀ። «እትዬ ይመኙሻል፣ በዓይንዎ ጨረሱን። እባክዎ ይተዉኝ» አልኳቸው። እንደዚያ ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ዘጠኝን ተጫኑና «ና» አሉኝ።

ቤታቸው ሶፋ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። በግድግዳው ዙሪያ ወረቀት በክር ታስሮ እስከ ጉልበት ተቆልሏል፤ በየክምሩ ላይ የበር ቁጥር አለ። የሕንፃው ሰው ሁሉ የጣለው ወረቀት ነው። ዘርይሁን የወደቀባቸውን ሦስቱን የፈተና ወረቀቶች አየሁ።

«ፊደል ያለበት ነገር አይረገጥም» አሉኝ። «እንግሊዝኛ አላነብም። የእግዜር ስም ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ? ከቆሻሻ ክፍሉ አንስቼ አስቀምጣለሁ።»

የእኛ በር ቁጥር ያለበትን ክምር ፈታሁት። አሥራ አራቱም አሉ፤ ሁለቱ ወጥ ነክቷቸዋል። ሐሙስ በአውቶቡስ ሄጄ በእጄ አስረከብኩ። እንግሊዝኛ የማያነቡ ሴት አርብን ከየት እንዳመጧት፣ ለጠጂቱስ የትኛው ወረቀት እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሐምሌ ሁለቱ ዓመት ተቆጠረልኝ። እማዬ ከሥራ እስክትመለስ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቼ ደብዳቤውን አነበብኩላቸውና ስለ ክፉ አፌ ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ግን ለምን ይጠይቃሉ? ሰው እኮ ይፈራዎታል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ልጄም እንዳንተ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወር ነበር። ዓይን እንዳይበላው ብዬ ለእህቴ እንኳ አልተናገርኩም። በዚያ በክፉው በደርግ ዘመን ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ አልደረሰም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል እላለሁ፤ ጎረቤት ገና ኮሌጁ ነው ያለው ይላል። ሰባት ወር ሙሉ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።»

ሕንፃው ሙሉ ስንጠየቅ ኖረን እሳቸውን መልሶ የጠየቀ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። አፈርኩ።

«ስሙ ማን ነው?» አልኳቸው።

አሁን የሚገባ ይመስል ወደ በሩ አዩ። «ጥሩነህ» አሉኝ። «የኮሌጁ ኳስ ቡድን በረኛ ነው። ጎበዝ በረኛ ነው።»