ሁለት ኢንተርኔት ያለው ሰው

ስጋት ያለበት ሰው ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ ይይዛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዱ ቢሰበር ብሎ፣ በክረምት ሁለት ጃንጥላ ይዞ ትምህርት ቤት ይመጣል። ዝናቡ ሲወርድ ሁለቱም ጃንጥላዎች ቢሮ ተቆልፎባቸው እሱ ሜዳ ላይ ይገኛል። በሩን በሁለት ጓጉንቸር የሚቆልፍ ጎረቤትም አለኝ፤ የሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ማንጠልጠያ አድርጎ ነው የሚጥለው። በእነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት ስቄያለሁ። አሁን ግን አልስቅም፤ እኔ ራሴ በዳባት ከተማ ሁለት ኢንተርኔት ያለው ሰው ሆኛለሁና።

ለአንድ ቤት ሁለት ኢንተርኔት ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ብላኛለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልጄ ሕይወት ከጎንደር በቱሪዝም ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት። ያላመለከተችበት ቦታ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስትስም፣ ገበያ ስትወጣ፣ «አሁንም ሥራ አልተገኘም?» የሚላት አይጠፋም፤ መመለሱ ሰልችቷት ከቤት መውጣት እየተወች ነበር። ይሄ ያስጨንቀኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት በቪዲዮ እናነጋግርሻለን አላት።

ቤታችን ያለው ኢንተርኔት ከመንገድ ማዶ ካለው ምሰሶ በሽቦ የሚመጣ ነው። መጥፎ አይደለም። ግን «መጥፎ አይደለም» በሚባል ነገር ላይ የልጁን ዕድል የሚጥል አባት አለ? እኔ አልጥልም። ስለዚህ ከሌላ ድርጅት በሲም ካርድ የሚሠራ ሁለተኛ ሳጥን ገዝቼ ገባሁ።

እኛ ከተማ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። እኔ የጠራሁት ኢንጂነር ግን ሥራውን የሚያውቅ ሆኖ አረፈው። ሁለቱን ሳጥኖች ዝም ብሎ ማገናኘት አይቻልም አለኝ። መሀላቸው የሚቀመጥ፣ አንዱ ሲሞት ወደ ሌላው የሚያዞር መሣሪያ አለ፤ ጎንደር ይገኛል፤ እስከዚያው ግን ሁለቱን ለየብቻ፣ በየስማቸው መያዝ ነው አለ። ለእኔ! ሃያ ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ላስተማርኩት ሰውዬ፣ ሁለት ሳጥን በአንድ ገመድ ማገናኘት አትችልም ሊለኝ። ሁለት ወንዝ ሲገናኝ ውሃው ይበዛል እንጂ ይደርቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኢንጂነሩ ዕቃውን ሰብስቦ፣ እንደ ፍጥርጥርዎ ብሎኝ ወጣ።

ሁለቱን በገዛ እጄ በኬብል አገናኘኋቸው። አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ለሁለቱም አንድ ስም፣ ለሁለቱም ያንኑ የድሮውን ፓስወርድ ሰጠሁ፤ የልጄን ስምና የተወለደችበትን ዓመት። ከዚያ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ባለቤቴ አቧራ እንዳይነካቸው ዳንቴል ጣል አደረገችባቸው።

መስኮቱ የሚያየው የእትዬ ስንዱን ግቢ ነው። እትዬ ስንዱ እህል ነግደው የኖሩ፣ አሁን ቤታቸው አርፈው የሚውሉ ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው በገዛላቸው ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ስብከት ያዳምጣሉ፤ በእኔ ኢንተርኔት። ድሮ «ያንን ነገር ለእኔም አድርግልኝ» ሲሉኝ ፓስወርዱን ሰጥቻቸዋለሁ። ጨው የለመነ ጎረቤት ይከለከላል? ባለቤቴ ግን፣ ለቃለ መጠይቁ ቀን እንኳ መስመሩ ለልጃችን ብቻ ይሁን፣ ፓስወርዱን ቀይር ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ረቡዕ ዕለት ይህንኑ ላስረዳቸው ወደ አጥሩ ሄድኩ። እትዬ ስንዱ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ነበር። አፌን ሳልከፍት አንድ እቅፍ አሸከሙኝ። እሸት ታቅፎ «ፓስወርድ ልቀይርብዎት ነው» ማለት የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። እኔ እሸቴን ይዤ ተመለስኩ።

ሐሙስ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ጭድ እስከ ሰማይ የጫነ አይሱዙ በደጃችን ሲያልፍ ሽቦውን በጥሶ፣ ጭዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይዞት ወደ ደባርቅ ነጎደ። ባለቤቴ ጮኸች። እኔ ፈገግ አልኩ። ለዚህ ቀን አይደል እንዴ የተዘጋጀሁት? ሕይወትን በኩራት፣ ኮምፒዩተርሽን ክፈቺ አልኳት።

ከፈተች። ዋይፋዩ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አበራን፤ የለም። የእኔ ስልክ፣ የለም። የባለቤቴ ስልክ፣ የለም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀረው። ልጄ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የሞተ ስክሪን ፊት ተቀምጣለች።

ቤቱ ጸጥ ሲል ነው የሰማነው። ከአጥሩ ማዶ ስብከቱ ይንቆረቆራል። ሰባኪው ስለ ትዕቢት ነበር የሚያስተምሩት፤ ማንን እንደሚናገሩ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አንዲት ቃል እንኳ አልተቆረጠችም። ሕይወት ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ እትዬ ስንዱ በምንድን ነው የሚሰሙት?»

መልሴን አልጠበቀችም። ኮምፒዩተሩን ጥላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። እትዬ ስንዱ ስብከታቸውን አቋርጠው፣ ስልኩን በእሸቱ ቅርጫት አስደግፈው፣ ዶሮዎቹን አባረው አስቀመጧት። እኔ ከሁለቱ ሳጥኖቼ ጋር መስኮቱ ላይ ቆሜ ተመለከትኩ። በኋላ እትዬ ስንዱ እንደነገሩን፣ ጠያቂዎቹ እንግዳ ይዘሽ ስትሄጂ ያሰብሽው መንገድ ቢዘጋ ምን ታደርጊያለሽ ብለው ሲጠይቋት ልጅቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

ኢንጂነሩን ከሰዓት በኋላ ለምኜ አመጣሁት። ስልክም ሆነ ኮምፒዩተር ወደ መረቡ ሲገባ፣ የውጭው በር በየት ነው ብሎ ይጠይቃል አለኝ። እኔ ያገናኘኋቸው ሁለት ሳጥኖች ሁለቱም «በእኔ በኩል ነው» ይላሉ፤ ጠያቂውም ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። የእኛ ቤት ዕቃ ሁሉ ያመነው አይሱዙ በሩን ይዞበት የሄደውን ሳጥን ነበር። የእትዬ ስንዱ ስልክ ደግሞ በዕድሉ ደህናውን። የሞተውን መንቀል ብቻ ይበቃ ነበር አለኝ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለፊዚክስ መምህር እንዴት ይታየዋል?

ሕይወት ሥራውን አገኘች። እልል አልን፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ ስንዱም ልጅቱን ያስቀጠራት የእሳቸው ኢንተርኔት መሆኑን ለመጣው ሁሉ አንድ በአንድ አስረዱ። አላስተባበልኩም። ሲወጡ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«መምህር፣ ሲቸግርህ አትፈር። ጎረቤት አይደለን?» አሉኝ።

እንዳልረሳውም ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት አስጽፈው ሰጡኝ። ገልጬ አየሁት፤ የልጄ ስምና የተወለደችበት ዓመት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።