የጎጆው ዘበኛ

ሁሉን የሚያውቅ ዘበኛ የሌለው መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ተራራ ላይ ያለው የእኛ የምርምር ጣቢያ በዚህ በኩል አይታማም። ዘበኛችን ሊቀ ሊቃውንት አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ስለ ጄኔሬተር መካኒኩን፣ ስለ ጨጓራ ነርሷን ያርማሉ። «እኔን ጠይቁኝ!» ይላሉ፤ ጠያቂ ሲጠፋ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ።

አምና በሩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ቡናማ ወፍ ጎጆ ሠራች። ዘሯ ከደጋው አይወርድም፤ ስለ ልጅ አስተዳደጓ የተጻፈው ተሰብስቦ ግማሽ ገጽ አይሞላም። አጎቴ የመሥሪያ ቤቱን በር ትተው የወፏን በር መጠበቅ ያዙ። መኪና ጥሩምባ ሲነፋ እየሮጡ ይወጣሉ፦ «ቀስ! አራስ አለች!» ሥራ አስኪያጁ ቁጥቋጦው ተቆርጦ የመኪና ማቆሚያ ይሁን ሲል ወንበራቸውን ከፊቱ ተክለው ቁጭ አሉ። «መጀመሪያ እኔን ቁረጡ።» ሰውየው ትንሽ አሰበና መኪናውን ሌላ ቦታ አቆመ።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሳምንቱ አንዲት የወፍ ተመራማሪ መጣች። አጎቴ የእንግዶች መዝገቡን ዘረጉላት፤ በእንግዶች ፈንታ ወፎቹ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት ነው የሞላው።

«ወንዱም ያጎርሳል» አሏት።

«ጋሼ፣ ወንዱ ይዘፍናል እንጂ ልጅ አያሳድግም ነው የሚባለው።»

«ማን አለ?»

«መጽሐፉ።»

«መጽሐፉ እዚህ ስንት ቀን ተቀመጠ?»

ሳቀችና ከዘበኛ ቤቱ መስኮት ሆና መጠበቅ ጀመረች። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተመላለሰችው እናትየው ብቻ ናት። መካኒኩ በመጣ በሄደ ቁጥር «አባወራው ደረሰ ወይ?» እያለ ያፌዛል። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ዝናብ ጀመረ። አጎቴ ግን ዓይናቸውን ከጎጆው አልነቀሉም።

ድንገት አንገቱ ነጭ የሆነው ወንዱ፣ ዝናብ አበስብሶት፣ አረንጓዴ ትል በአፉ ይዞ ከተፍ አለ። አራት አፍ እኩል ተከፈተ። ተመራማሪዋ ካሜራዋን ረስታ «ጋሼ! ጋሼ!» ትላለች። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

ሪፖርቱን የተየብኩት የጣቢያው ጸሐፊ እኔ ነኝ። «መጀመሪያ ያየው» በሚለው ቦታ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፍኩት።

«አያት እንኳ አያስፈልግም ነበር» አለች ተመራማሪዋ።

«እናቴ ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አልኳት። «አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ይኑር።»

ተወችው።