ቢ ኮምቦ የሕፃን አልጋ ሲመርጡ

በየሰፈሩ ማን በምን እንደሞተ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ስለ ኑሮ ሲያወራ እሱ ስለ አሟሟት ያወራል። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ ብታሳዩት፣ በዚያው ዓይነት ጫማ ደረጃ ላይ አዳልጦት የቀረ ዘመድ አለው። ሎሚ ስትመጥጡ ካያችሁ፣ የሎሚ ፍሬ ትን ብሏት በሠርጓ ማግሥት ያለፈች ሙሽራ ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አለ ቢሉኝ አላምንም። ካለም ነዋሪዎቹ ገና መሞት አልጀመሩም ማለት ነው።

በሞምባሳ አሮጌው ከተማ፣ ከጀልባው ወደብ ጀርባ በምትገኘው የኛ ጠባብ መንገድ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክብርት ቢ ኮምቦ ናቸው። እኛ ዘንድ የተከበረች ሴት "ቢ" ትባላለች፤ ለእሳቸው ግን ማዕረጉ ያንሳቸዋል። ረዥም ናቸው፣ ቀጭን፣ ከራስ እስከ እግር በጥቁር የተጠቀለሉ። ሲራመዱ ኮቴ የላቸውም። ቤታቸው ከኛ ቤት ሥር ስለሆነ በቀን አሥር ጊዜ እንገናኛለን፤ አንድም ቀን ግን ሲመጡ ሰምቻቸው አላውቅም። ዞር ስል አሉ። እጃቸው ሁልጊዜ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው፤ ቆዳው ውሃ እንደዋለበት የተጨማደደ፣ ጥፍሩ ሥጋው ድረስ የተከረከመ። ባጠገቤ ሲያልፉ አንድ ቀዝቃዛ ሽታ ይቀድማቸዋል። ምን እንደሆነ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ይጠፋኛል።

ወሬያቸው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "አንድ ሰው አውቅ ነበር።"

ያቺን "ነበር" ሲሏት ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ ይታወሰዋል። ምጣድ የጣደች አለች፣ ጀልባ የሚያመልጠው አለ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የጣሪያ ማራገቢያ አሰቅሎ ሰፈርተኛው ሲመርቅለት፣ ቢ ኮምቦ በር ላይ ቆመው ቀና ብለው አዩት። "አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ እሱም እንዲህ ከሥሩ ይቀመጥ ነበር" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ማራገቢያው መሃል ክፍል ላይ ለራሱ ይዞራል፤ ሰውየው ጥግ ላይ ተለጥፎ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይሰፋል።

ይህን ስናወራ እንስቅ ነበር። መሳቅ ያቆምነው ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ትልቅ ዛፍ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ ቢ ኮምቦ መጡና "ከዚህ ተነሡ" አሏቸው።

"ቢ ኮምቦ፣ ለኛ ለሸመገልነው እንኳን ሞት ያማርጡልናል?" ብሎ አንዱ ቀለደባቸው።

አግዳሚ ወንበራቸው አጠገብ ቆሙ። እንደቆሙ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ የሚያያቸው ሰው እያለ ጨዋታው አልጥም ስላላቸው ጠጠራቸውን ሰብስበው ተነሡ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ አግዳሚውን የሚያህል ቅርንጫፍ ተገንጥሎ አግዳሚው ላይ ወደቀ። ቢ ኮምቦ ዘወር ብለው አላዩትም። ድምፁን ቀድመው የሰሙት ይመስሉ ነበር።

እኔ የማሊንዲ ሰው ነኝ። ሚስት ተከትዬ እዚህ የመጣሁ፣ ሒሳብ የማስተምር፣ ከቁጥር ሌላ የማላምን ሰው ነኝ እል ነበር። ሚስቴ ሹዌና ትባላለች። አምና የመጀመሪያ ልጃችን በስምንት ወሯ ሳትተነፍስ ተወለደች። አላየኋትም። በራፍ ላይ ቆሜ፣ ከመጋረጃ ወዲያ የተዘረጉ እጆች አንድ ነጭ ጥቅል አቀበሉኝ። ከአንድ ዳቦ አትከብድም ነበር። እሷን ይዤ ከወንዶቹ ጋር ወደ መቃብር ሄድኩ። ስለዚያ ቀን እኔና ሹዌና ተነጋግረን አናውቅም።

ዘንድሮ እንደገና ስምንተኛ ወሯ ሲገባ፣ የሕፃን አልጋ እንግዛ አልኳት። በአንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ከእናትየው አልጋ ጋር የሚገጠም፣ ተኝታ እጇን ስትዘረጋ ልጁን የምታገኝበት ዓይነት።

"ሳይወለድ አልጋ ቤት አይገባም ይላሉ" አለች።

"ሲወለድ መሬት ላይ ልናስተኛው ነው?"

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ቢ ኮምቦ ከመረጡት ይግባ።"

"ሹዌና! እኚህ ሴትዮ እኮ ዕቃ መምረጥ አያውቁም። የሚያውቁት በዕቃው ማን እንደሞተ ነው!"

"እሳቸው ያላዩት አልጋ ላይ ልጄን አላስተኛም" አለችኝ። ፊቷን አየሁትና ልጠራቸው ተነሣሁ። ከደረጃው ስወርድ ቢ ኮምቦ ለመውጣት ተዘጋጅተው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድነው ዋናው መንገድ ላይ ወዳለ ትልቅ መደብር ነው። ሻጩ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መጋረጃና ጥንቸል የተንጠለጠለበት አልጋ አሳየን።

"ከዱባይ የመጣ ነው እናቴ! ይህን የገዛ ሰው ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።"

"አምናለሁ" አሉ ቢ ኮምቦ። ቡጢያቸውን ጨብጠው በዘንጎቹ መካከል ሰደዱት። ሙሉውን አለፈ። "አንድ ሰው አውቅ ነበር።"

ሻጩ ሳቀ። "ስንት ዓመቱ ነበር?"

"አምስት ወሩ።"

ሻጩ ሳቁን የት እንደሚያደርሰው ጠፋው። ቢ ኮምቦ ግን አልጨረሱም። መዳፋቸውን ፍራሹ ላይ ተጫኑና አነሡት። ስፖንጁ ውስጥ የእጅ ቅርጽ ቀረ። ሦስታችንም ቅርጹ ቀስ በቀስ እስኪሞላ ድረስ ቆመን አየነው። 

"ለስላሳ ፍራሽ አፍ ይዘጋል" አሉ በመጨረሻ። "ጥንቸሏም ትውረድ፤ ገመዷ ረዥም ነው።"

ስንወጣ ሻጩ እጅጌዬን ይዞ "መምህር፣ ሌላ ጊዜ ብቻህን ና" ብሎ በጆሮዬ ለመነኝ።

ከዚያ ወደ አናጢው ሳጋፍ ሄድን። ሰዓቱ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ጋደም የሚልበት ነው፤ ፀሐዩ ግድግዳውን እያነጣው በመንገዱ ላይ ድመት እንኳ የለም። ሳጋፍ በቀስት እግር ላይ የቆመ የሚወዛወዝ አልጋ አውጥቶ አቧራውን በሸሚዙ ጠረገ።

ቢ ኮምቦ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ አልጋው ላይ አጋደሙ። "ይህን ያህላሉ" አሉ።

"እነማን?" አልኩ።

"ሲወለዱ።" ክንዳቸውን ያነሡት በጣም በቀስታ ነው፤ ልክ የተኛበት ሰው እንዳለ። ከዚያ አልጋውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

ተወዛወዘ። እኛም እስኪቆም ጠበቅን። አልቆመም። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ቆጠርኩ፤ መቶ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ። ውዝዋዜው ማነስ ሲገባው ያው ነው።

"ወለሉ ዘንበል ስላለ ነው" አለ ሳጋፍ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። "ነፋስም ይሆናል።"

ነፋስ አልነበረም። መሬት ላይ የወደቀው ፍቅፋቂ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ቢ ኮምቦ ባዶው አልጋ ላይ ጎንበስ አሉና ጡት የጠገበ ልጅ እንደሚያባብል ሰው "እሹሩሩ… በቃ፣ በቃ" አሉ። አልጋው ቆመ።

ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደኔ ዞረው "የሚወዛወዝ አይሆንም ልጄ። ሕፃኑ ወደ ጎን ተንከባሎ አፍንጫው ከእንጨቱ ይለጠፋል" አሉኝ። ሳጋፍ ያንን አልጋ በማግሥቱ ፈታትቶ የጫማ መደርደሪያ ሠራው ይባላል። መደርደሪያውንም ቤቱ አላስገባውም።

ሦስተኛው የምዜ ኑሁ ቤት ነበር። ምዜ ኑሁ በባሕሩ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድሮ የጀልባ አለቃ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አልጋ ሊሸጡ ነው ተብሎ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ አንድ ጎኑ ወደታች የሚታጠፍ አልጋ ነው። ዘንጎቹ ከብዙ እጅ ብዛት ለዝበዋል።

ቢ ኮምቦ ቡጢያቸውን ሰደዱ፤ አልገባም። ፍራሹን ተጫኑ፤ ቅርጽ አልያዘም። ዘንጎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ተንበርክከው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጠበቅኩ። አልመጣችም። ተነሡ፣ ዞሩት፣ እንደገና ተንበረከኩ። ዝም። እንዲያ ያለ ዝምታ ከእሳቸው ሰምቼ ስለማላውቅ፣ የመቶ ሰው አሟሟት ቢዘረዝሩልኝ ይሻለኝ ነበር።

ምዜ ኑሁ ክንዴን ይዘው ወደ ሰገነቱ አወጡኝ። "ምንም አላለችም?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ግዛው። ከዚህ ቤት የምታውቀው የለም ማለት ነው።"

"እንዴት ማለት?"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። "አንተ እዚህ ስትኖር ስንት ዓመትህ ነው? የዚህን ከተማ የሴትና የሕፃን ሬሳ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ያጠበ ይመስልሃል? ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ አይናገሩትም። ቢነገር ማን ከእጇ ውሃ ይጠጣል? እሷ በወሬ የሰማችው ሰው የለም መምህር። የምታውቀውን ሁሉ በእጇ ነው የምታውቀው።" ወደ ባሕሩ ዞር አሉና "አምና ያንተን ማን ያቀበለህ መሰለህ?" አሉኝ።

ያን ጊዜ የሽታው ስም መጣልኝ። ካፉር ነው፤ ሬሳ ታጥቦ ሲከፈን የሚደረገው ካፉር።

አልጋውን በእጅ ጋሪ አስጭነን ወደ ቤት ስንመለስ ቢ ኮምቦ በስተግራዬ ይሄዱ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ልሸሻቸው ፈለግኩ። ሳላስበው ግን አፌ ተከፈተ።

"ቢ ኮምቦ… የአምናዋ ልጅ። ምን ትመስል ነበር?"

አልደነገጡም። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ መሰለኝ።

"ጆሮዋ ያንተ ነበር" አሉ። "ጠጉሯ ብዙ ነው፤ ለሁለት ከፍዬ አበጠርኩላት። እጇን ጨብጣ ነበር፤ አላስፈታኋትም።" ጥቂት ተራመዱና "ቆንጆ ነበረች፤ ቸኩዬ አላጠብኳትም" ብለው ጨመሩ።

ጋሪው ፊታችን ሲንቋቋ እሰማዋለሁ እንጂ አላየውም ነበር።

ቤት ስንገባ ሹዌና ፊቴን አይታ እንዳወቅኩ አወቀች። እጄን ያዘችኝ። ቢ ኮምቦ አዲሱን አልጋ ከትልቁ ጋር አስጠግተው ሁለት ጣታቸውን በመሃሉ ከተቱ። "ለኛ ሁለት ጣት ነው፤ ለነሱ ገደል" አሉና በጀልባ ገመድ፣ እኔ እስከ ዛሬ መፍታት ባልቻልኩት ቋጠሮ፣ ሁለቱን አልጋዎች አንድ አደረጓቸው። ከዚያ በሹዌና ቦታ ጋደም ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው የትንሹ አልጋ መሃል ላይ አረፈ። እዚያው ብዙ ቆየ።

"ደህና ነው" አሉ።

ልጃችን በወሩ ተወለደች። ጩኸቷን ከደረጃው ሥር ሰማሁት። በአርባኛው ቀን የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቁ መጡ፤ ክፍሉ በሽቶና በሳቅ ሞላ። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ሕፃኗ ከእቅፍ ወደ እቅፍ እየዞረች ነበር። ከአማቴ ወደ ልብስ ሰፊው ሚስት፣ ከእሷ ወደ ሹዌና አክስት። ቢ ኮምቦ በአክስትየዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ተራው እሳቸው ጋ ሲደርስ ልጅቷ በላያቸው አልፋ ወደሚቀጥለው እቅፍ ሄደች። ክፋት አልነበረበትም፤ ወሬውም አልተቋረጠም። የሁሉም እጅ የለመደው ነገር ነው። ቢ ኮምቦ ራሳቸው እጃቸውን ቀድመው ከጥቁሩ ልብስ ውስጥ ሸሽገዋል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ተቀምጠው ኖረዋል ማለት ነው።

ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጬ ገባሁ። ልጄን ከያዘቻት ሴት ተቀብዬ ቢ ኮምቦ ጭን ላይ አኖርኳት።

 "አንተ!" አለች አማቴ።

"ተይው እማ" አለች ሹዌና ከአልጋዋ።

ቢ ኮምቦ አልተንቀሳቀሱም። እስትንፋሳቸውን ውጠው፣ እስከ አፉ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን እንደያዘ ሰው ተገትረው ቆዩ። ልጅቷ አስነጠሰች። እግሯን አንፈራገጠች። ሽማግሌዋ እጆቻቸውን ከተሸሸጉበት ቀስ አድርገው አወጡ፤ አንዱን ከጀርባዋ ሥር፣ ሌላውን ከራሷ ሥር አደረጉ። ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

"ትሞቃለች" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ቀጥሎም በእሳቸው ዕድሜ ሰው ላይ አይቼው የማላውቀውን የልጅነት መደነቅ ይዘው ወደ ሚስቴ ዞሩ። "ሹዌና… ልጅሽ እኮ ትሞቃለች።"

እስኪመሽ ድረስ ማንም ልቀበልዎ አላላቸውም።