ድምር የተባሉ ተማሪዎቻችን

ሰው ሲገምት የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በምኞቱ ነው። አታምኑኝም? ሠርግ ደግሳችሁ ታውቃላችሁ? የሙሽራው ወገን «እኛ እንኳ ብዙ አይደለንም፤ ቢበዛ ሃምሳ ብንሆን ነው» ይላል። በዕለቱ አራት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ከተፍ! ታዲያ ዋሻችሁ ብሎ የሚቆጣ አለ? የለም፤ ገምተው ነዋ! እኔ ግን ማኅተም ያረፈበት፣ ፊርማ ያለበት፣ በደብዳቤ የመጣ ግምት ይታመናል ብዬ አስብ ነበር። እስከ አምና ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰበታ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። የተሰፋ ሸሚዝ አንስቼ «የዚህ እጅጌ ይረዝማል» ማለት ነው ሥራዬ። በዚህ ታላቅ ሙያዬ የተነሳ ልጄ ሲፈን በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ሊቀመንበራችን ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ስምንት ልጅ አስተምረው የጨረሱ፣ አሁን ደግሞ በልጅ ልጃቸው ስም የሚሰበሰቡ አዛውንት።

ትምህርት ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አልነበረውም። የነበረው አንድ ለሁሉም ነው፤ በሩ ደግሞ ከተገነጠለ ቆይቷል። ሲፈን ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ውሃ መጠጣት አቆመች። ጠዋት የሰጠኋትን ኮዳ ማታ ሙሉውን ይዛው ትመለሳለች። ከወሩ ውስጥ ጥቂት ቀን ደግሞ ጭራሹን ትቀራለች፤ ምነው ስላት «ራሴን አሞኝ ነው» ትለኛለች። በዚህም ልቀልድ አስቤ ነበር፤ እምቢ አለኝ።

ከፌዴራል መንግሥት በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ የሚመደብ ድጎማ አለ። ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት፣ እቅድ አውጡበት ተብሎ ግምቱ ይላካል። አምና ርእሰ መምህሩ አቶ መስፍን ያንን ደብዳቤ ለኮሚቴው ሲያነቡ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከካቻምናው እጥፍ! በአንድ ከሰዓት ውስጥ መጸዳጃ ቤት ሠራን፣ አጥር አጠርን፣ ቤተ ሙከራ ከፈትን። ኦቦ ገመቹ ግቢው መሀል ፏፏቴ ቢኖር ምን ይመስላችኋል አሉ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ግን ማን ልብ አለው?

እኔ እጅጌው ረዘመብኝ። ልጆቻችን በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሠርግ ቤት ገብታ ሙዚቃ ያጠፋች ሴት እንዴት እንደምትታይ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ታየሁ።

ኦቦ ገመቹ «አስቴር፣ መንግሥት እጥፍ አድርጎ ሲሰጥ ስንቴ አይተሻል? አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለሽ ብትቀበይ ምናለ!» አሉኝ። ፊቴን አይተው ግን «በይ እንግዲህ፣ ካልሆነልሽ አንቺው መርምሪው» ብለው ሥራውን እኔው ላይ ጣሉት።

ምርመራዬ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ትምህርት ቤቱ የላከውን ቅጽ አውጥቼ አየሁት። ወንድ የሚል አለ፣ ሴት የሚል አለ፣ ቀጥሎ ድምር የሚል አለ። አቶ መስፍን ጠቅላላውን ሲሞሉ ሦስቱንም ደምረዋቸዋል። እኛ ትምህርት ቤት ወንዶች፣ ሴቶች እና ድምር የሚባሉ ልጆች ይማራሉ ማለት ነው! ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ «ወይኔ ጉዴ!» ብለው ወንበራቸው ላይ ተዘረጉ።

ሦስታችን ቢሮአቸውን ዘግተን ተቀመጥን። ኦቦ ገመቹ ዞር ብለው በሩን አዩና «ዝም ብንልስ?» አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። ያ ሙሉ ኮዳ ዓይኔ ላይ ነበር። አቶ መስፍን ግን ኦዲተር ሲመጣ ልጆቹን ማስቆጠሩ እንደማይቀር፣ ተጠያቂውም የፈረመው ሰው እንደሆነ አስረዱን።

ኦቦ ገመቹ «ዋቀዮ! ሽንት ቤት እንሠራለን ብለን እስር ቤት ልንገባ ነው?» ብለው ብድግ አሉ። በማግስቱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን።

የተቀበለችን ባለሙያ ትሑት ናት። ስህተታችንን በጥሞና ሰማችን። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ አንዴ የተመዘገበ ተማሪን መሰረዝ አይፈቅድም። ተማሪ ከመዝገብ የሚወጣበት መንገድ ሦስት ብቻ ነው አለችን፤ ተዛወረ፣ ሞተ፣ አቋረጠ። ተዛወሩ እንዳንል የተቀበላቸው ትምህርት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሞቱ የሚለውን ገና ስታነሳ ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«ሞት አትጥሪ፣ ልጄ! ይህን ሁሉ ለቅሶ ማን ይችለዋል?»

ስለዚህ አቋረጡ። አንዲት ቁልፍ ጫን አለችና ድምሮቻችን በሙሉ ትምህርታቸውን ትተው ወጡ።

ግምቱ በግማሽ ወረደ፤ ፏፏቴው ሳይፈስ ደረቀ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር አዳራሹ አጉረመረመብኝ። «ማን ቁጠሪ አለሽ?» ያለኝም ነበር። ያኔ ጴጥሮስ ተነሳ። ከወላይታ መጥቶ እዚህ ግንባታ ላይ የሚሠራ ግንበኛ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

«ያለው ገንዘብ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይግዛ፤ እጁ የኔ ነው» አለ። «የኔም ልጅ እዚሁ ነው የምትማረው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ገነባ። እኛ አሸዋ አቀበልን፤ ኦቦ ገመቹ ትእዛዝ አቀበሉ። አራት ክፍል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው መጸዳጃ ቤት ቆመ። አንድ ቀን ማታ የሲፈንን ኮዳ ባነሳው ባዶ ነው። ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ እንዴት ጥሩ ነበር! ባለፈው ወር ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። ትምህርት ቤታችን በአንድ ጊዜ ግማሽ ተማሪዎቹ ያቋረጡበት በመሆኑ የበላይ አካል በእጅጉ ማዘኑን ይገልጻል። በመሆኑም ልጆቹን ለመመለስ ልዩ ድጋፍ ታስቦልናል፤ ግምቱም ከታች ሰፍሯል። ከመጀመሪያው ይበልጣል! ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ካቋረጡት ውስጥ ቢያንስ ግማሾቹ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው መታየት አለባቸው።

አቶ መስፍን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ኦቦ ገመቹ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበቡኝና በሰፈሩ ዘንድሮ ያገቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«እኛማ አርጅተናል» አሉ። «እነሱ ግን ካሁኑ ይጀምሩ እንጂ!»