የፈንታው ገንዳና አረንጓዴው ወተት

የፈንታው ላም አረንጓዴ ወተት ትታለባለች አሉ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ይህን ያልሰማ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። እኔ ግን ተጠራጠርኩ፤ ቆቦ ውስጥ ወተት ከውሃ ሌላ ቀለም ሲኖረው አይቼ አላውቅም።

ምንም ነገር መጣል የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ክቡር ፈንታው ነው፤ የትርፍራፊ ባላባት! «ምኑ ይጣላል?» ይላል። ከጫት ቃሚ ሥር ገረባ ይለቅማል፤ ከሰው ደጅ እበት ይዝቃል። አንድ ሰርግ ላይ ማስታጠቢያውን ከነእጣቢው ነጥቆ ወደ ጓሮው ፓፓያ ሲሮጥ፣ ሙሽራው እጁ ላይ ሳሙና እንደያዘ ቀርቷል።

ይህም አልበቃው ብሎ ከባለቤቱ ከመይሙና ሻወር ቤት የሚወጣውን ፍሳሽ በጠጠርና በአሸዋ እያጣራ ገንዳ ውስጥ አጠራቀመ። በላዩም ምስር የምታክል ተንሳፋፊ ቅጠል ዘራ። ቅጠሏ ጉድ ናት፤ ዛሬ ብትጠርጋት ነገ ገንዳውን ሞልታ ታድራለች።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልነው።

«ከእበት ጋር ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል። መይሙናም ከከሰል ጭስ ትገላገላለች።»

«ኧረ ተው ፈንታው! እንግዲህ ላብህንም ለቃሪያ አጠጣው!»

ጋዝ ከቅጠል? ለላሟ ቢሆን እንጂ፣ አለ ሰፈሩ! ወተቱ አረንጓዴ እስኪሆን አንድ ከሰዓት በቃው።

ወሬው ሲከፋ ሰፈርተኛው ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ሁሉም በተራው ያየውን ይናገራል፤ ገንዳው ይደፈን ወይስ ይቆይ የሚለውን የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ታሂር ይበይናሉ። መይሙና ከዳር ቆማ የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ዘካሪያስ፤ «ወተቱ የጎመን ውሃ ነው የሚመስል።»

«እኔ ቀምሸዋለሁ» አለች ሀስና፤ «ሳሙና ሳሙና ይላል። ወላሂ!»

ፈንታው አቀርቅሮ ከመሬት ያነሳውን የዛገ ሽቦ ያቃናል። እኔ በሰው ነገር የማልገባ ሰው ነኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ድንገት ቆሜ ተገኘሁ።

«ሼህ ታሂር፣ እኔም በየጠዋቱ እጠጣዋለሁ። እንደ ጥጥ ነጭ ነው! እርጎውማ ማንኪያ ያቆማል!»

ጉባኤው ተንሾካሾከ። የሼህ ታሂር ፊት ፈታ አለ፤ መይሙናም ሻሿን ለቀቀችው። ሼሁ «እንግዲህ ገንዳው...» ብለው ሳይጨርሱ፣ ፈንታው ሽቦውን ኪሱ ከትቶ ተነሳ።

«ሼህ ታሂር፣ እኔ ላም የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።»