አረቄ የቀመሰችው ምድጃ

በአገራችን ትዳር የሚያናጋው ውሽማ ነው የሚሉ ሰዎች አሮጌ ዕቃ የሚወድ ባል አላዩም! ውሽማ እኮ ቢያንስ ሳሎን አትቀመጥም። የኔዋ ግን ቁም ሳጥን ላይ ጉብ ብላ ዓመታት ኖራለች። ነሐስ ናት፣ ሦስት እግር አላት፣ በነጭ ጋዝ ትሠራለች። ድሮ መንገድ ቀያሾች ድንኳናቸው ውስጥ ሻይ ያፈሉባት የነበረች የፓምፕ ምድጃ ናት፤ ወልድያ ገበያ ከአሮጌ ብረት መሀል አየኋትና ትቻት መሄድ አቃተኝ። ባለቤቴ አስካለ "ጣውንቴ" ትላታለች። "ዛሬም ጣውንቴን ስትወለውል ዋልክ?" ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ መወልወሌን እቀጥላለሁ።

ታዲያ ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሲገባ ነገር ሁሉ ተገለበጠ። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። እንጨትስ ብትሉ... እንጨትማ አለ፤ ግን ማን ደፍሮ ያንድድ? ጭስ የታየበት ቤት ሰው አለበት ማለት ነው፤ ሰው ካለ ደግሞ ባለጠመንጃ ይመጣል። በር ዘግተን፣ ድምፃችንን አጥፍተን በሶ በጥብጠን እየጠጣን ተቀመጥን። እኛስ በሶውን እንችለዋለን። የግቢያችን ልጅ ቶይባ ግን ገና መውለዷ ነበር። ገንፎ የሚባል አልቀመሰችም፣ ወተቷም አልመጣ ብሏል። እናቷ እትዬ ዘይነብ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ እኛ ቤት መጡ።

"ጌታቸው፣ ያቺ የምትወለውላት ምድጃ ትጨሳለች?"

"ኧረ አትጨስም እትዬ! ሰማያዊ እሳት ነው የሚወጣት።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ልጄ በረሃብ ልታልቅብኝ ነው እኮ!"

አስካለን በዓይኔ ጥግ አየት አድርጌ፣ ምድጃዬን ታቅፌ ተከተልኳቸው።

ያለችኝን ግማሽ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ሞላሁባት። ፓምፑን ገፋ ባደርገው... ጭጭ! አየር አልይዝ አለ። እናንተ ሆዬ፣ እንዲህ ያለች ምድጃ ስታስቸግራችሁ መጀመሪያ ፓምፑ ውስጥ አየር የምትገፋውን ቆዳ እዩ። የኔዋ ቆዳ ደርቃ ኩርምት ብላለች፤ ቅባት ያስፈልጋታል። ዘይት ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል። ያለችው አስካለ ጾም ሲገባ ያስቀመጠቻት ንጥር ቅቤ ብቻ ናት፤ እሷንም ለቶይባ ገንፎ ብላ ይዛ ተከትላናለች።

"አንድ ጣት ብቻ!" ብዬ ለመንኩ።

"ለጣውንቴ ቅቤ? በጾም?" አስካለ ዕቃውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ምድጃ አይጾምም እኮ አንቺ!"

እትዬ ዘይነብ አማልደውኝ አንድ ጣት ቀባሁ። ፓምፑ ያዘ። ቤቱም ቅቤ ቅቤ ሸተተና የሁላችንም ሆድ ጮኸ።

ቀጥሎ ማሞቅ አለ። ጋዙ እንዲተን የምድጃዋ ራስ አስቀድሞ መጋል አለበት፤ ለዚህም ከሥሩ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ አልኮል ይነድዳል። ፋርማሲው ሁሉ ባዶ ነው፣ አልኮል ከየት ይምጣ? ከኮቴ ኪስ አንዲት ብልቃጥ ብቅ አደረግኩ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ እትዬ ዘይነብ።

"ይኼማ... የሚነድ ውኃ ነው።"

ተቀብለው አሸተቱት። "አስተግፊሩላህ! አረቄ? በአራስ ቤት?"

"ገንፎውን አይነካውም እትዬ፣ ከሥር ነው የሚነደው።"

ቶይባን አዩ፣ ሕፃኗን አዩ፣ ምድጃዋን አዩ።

"ምድጃዋ የማን ናት?"

"የኔ ናታ።"

"እንግዲያ ክርስቲያን ናት። ትጠጣ!"

አስካለ ሳቋ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። "በቅቤ ጾሟን ገደፈች፣ አሁን ደግሞ አረቄ ቀመሰች፤ ጣውንቴ ምን ቀራት?" አለች።

አረቄው ነደደ፣ የምድጃዋ ራስ ጋለ፣ ፓምፑን ገፋሁት... ምንም! ጋዙ የሚወጣባት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ የጠበበች ናት፤ የሆነ ነገር ደፍኗታል። ምን ይመስላችኋል? የአስካለ ቅቤ ኮረሪማ! ቤንዚን አጥታ ግቢያችን ከቆመችው ባጃጅ የክላች ገመድ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዝዤ ቀዳዳዋን ወጋ ወጋ አደረግኳት።

"ጋሽ ጌታቸው፣ አልሆነም?" አለችኝ ቶይባ ከአልጋዋ፣ ድምፅዋ ቅጥን ብሎ።

"አብሽሪ፣ ይሆናል!" አልኳት። ፈርቻለሁ ግን። ደግሞ አረቄ፣ ደግሞ ክብሪት፣ ደግሞ ፓምፕ...

ጉርርርርርር!

ለካ ምድጃዋ አትጨስም እንጂ ታገሳለች! "አውሮፕላን!" ብላ አስካለ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እትዬ ዘይነብ "ያ ረቢ!" ብለው ሕፃኗ ላይ ተደፉ። ከጎረቤትም ሰው መሬት ላይ ዱብ ዱብ ሲል ተሰማኝ። እኔስ? የለኮስኳት እኔ፣ የወለወልኳት እኔ... እኔም አልጋ ሥር ገባሁ!

ይሄኔ ቶይባ ከአልጋዋ ላይ ተናገረች። "እናንተ የማትወጡ ከሆነ እኔው ተነስቼ ላገንፋው?"

አፍረን ወጣን። ሰማያዊው እሳት ቦግ ብሎ ይነድዳል። ውኃው ፈላ፣ እትዬ ዘይነብ ዱቄቱን እየነሰነሱ አማሰሉ፣ አስካለ የቀረችውን ቅቤ መሀሉ ላይ ገለበጠች። ቶይባ "ቢስሚላህ" ብላ ጎረሰች። ደገመች። ግንባሯ ላብ አወጣ፣ ፊቷም ወዛ። አስካለ አለቀሰች፤ እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አለቀስኩ።

ምድጃዋን ላጠፋ ስል እትዬ ዘይነብ እጄን ያዙኝ።

"ተዋት፣ ትጩህ።"

"ጋዙ ሊያልቅ ነው እኮ እትዬ!"

"ይለቅ! ቶይባ ስትገላገል ሰው ይሰማናል ብለን እልል ሳንል፣ አፋችንን ይዘን ነው ሕፃኗን የተቀበልናት። አሁን በእሷ ጩኸት ማን ይሰማናል?"

ከዚያማ እልልታው ቀለጠ! እትዬ ዘይነብና አስካለ ተቃቅፈው ጉሮሯቸው እስኪነቃ እልል አሉ። የምድጃዋ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር "ግፋ! ግፋ!" ይሉኛል፣ እኔም ክንዴ እስኪዝል ፓምፑን እገፋለሁ። ውጭ ያለው ባለጠመንጃ ወዴት ሄደ ብትሉ፣ እሱም አውሮፕላን መስሎት አንዱ ቦይ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ነበር መሰለኝ።

ስለዚህ ያቺ ግማሽ ጠርሙስ ጋዝ ገንፎ ሲበስልባት አለቀች የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ገንፎው የፈጀው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው የነደደው ለእልልታ ነው።